እናታችሁን በዓመተ ምሕረት አትጠይቋት

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፍላችሁ ከጅማ፣ ከእናቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ነሐሴ እያለቀ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሬዲዮ እንኳ አያሰማም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ጳጉሜ ትገባለች። ጳጉሜ 3፣ የሩፋኤል ዕለት፣ የእናቴ ልደት ነው። እሷ አሁን የለችም። ልደቷን ያወቅነው 88 ዓመት ሲሞላት ነው። እኔ ያኔ ጡረታ ከወጣሁ አንድ ዓመት አልፎኝ ነበር።

ስለ እሷ ልነግራችሁ እፈልጋለሁ። እግረ መንገዴንም አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ብዙዎቻችሁ እናት፣ አያት፣ አክስት ቤት ውስጥ አላችሁ። ሳሎን ጥግ ቁጭ ብለው ቴሌቪዥን የሚያዩ፣ ስትወጡ የሚመርቋችሁ፣ ስትገቡ "በላህ ወይ? በላሽ ወይ?" የሚሏችሁ ሰዎች አሉ። እነሱን ጠይቋቸው ነው የምለው። ግን እንዴት እንደሚጠየቅም ላሳያችሁ እወዳለሁ፤ ምክንያቱም እኔ ይህን ሙያ ብዬ ስሠራው ኖሬ ለእናቴ ያዋልኩት በመጨረሻ ነው።

ሥራዬ ሰው መቁጠር ነበር። በ1976 ዓ.ም. አገራችን የመጀመሪያውን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ስታካሂድ ወጣት ተቆጣጣሪ ሆኜ ተሰማርቻለሁ። በ1987ም፣ በ1999ም ነበርኩ። በመሐል ደግሞ የናሙና ጥናቶች አሉ። በእግር፣ በበቅሎ፣ በላንድ ሮቨር ያልገባሁበት ቀበሌ ጥቂት ነው። የስንቱን ቤት በር "እንደምን ዋላችሁ" ብዬ አንኳኩቻለሁ።

በዚህ ሥራ ላይ ከሁሉ የሚያስቸግረው ጥያቄ ዕድሜ ነው። ሰው ስንት ዓመትህ ነው ሲባል "አርባ" ይላል። ወይም "ሃምሳ አምስት" ይላል። "አርባ ሦስት" የሚል ጥቂት ነው። በእኛ ሙያ ይህን የምንለካበት የዊፕል መለኪያ የሚባል አለ። ከ23 እስከ 62 ዓመት ያሉትን ሰዎች ይወስዳል። ዕድሜያቸው በ0 ወይም በ5 የሚያልቀው ሰዎች ቁጥር ልክ በልኩ፣ ማለትም ከአምስት አንድ፣ ከሆነ ውጤቱ 100 ይመጣል። ሁሉም በ0 እና በ5 ካለቁ 500 ይሆናል። የአገራችን ውጤት ከ100 በጣም ይርቅ ነበር። ሰው ሊዋሽ ፈልጎ አይደለም። የተወለደበትን ቀን የጻፈለት ስላልነበረ ነው። ልደትን፣ ጋብቻን፣ ሞትን በመላ አገሪቱ በመንግሥት መዝገብ ማስፈር የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ትናንት ማለት ነው።

ስለዚህ ቆጣሪዎችን ስናሠለጥን የታወቁ ክስተቶች ዝርዝር እንሰጣቸው ነበር። ጥልያን የገባበት፣ ጥልያን የወጣበት፣ አዲሱ ብር የወጣበት 1937፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ አብዮቱ፣ ብሩ እንደገና የተለወጠበት 1969፣ የ77ቱ ድርቅ። ከዚያ እያንዳንዱ አካባቢ የራሱን ይጨምራል። ጅማ ላይ የአባ ጅፋር ሞት ይጨመራል። የእርሻ ትምህርት ቤቱ የተከፈተበት የ1940ዎቹ አጋማሽ ይጨመራል። ቆጣሪው ዓመት አይጠይቅም። "ጥልያን ሲገባ ከብት ታግድ ነበር ወይስ ታዝለህ ነበር?" ይላል። ሰውየው ፈገግ ይላል። ከዚያ በኋላ ወሬው ራሱ ይመጣል።

ይህን ሁሉ ሰው ቤት አደረግሁት። እኛ ቤት ግን "እምዬ ስንት ዓመቷ ነው?" ሲባል እንደ ማንም ሰው "ኧረ እሷ መቶ ሳይሆናት አይቀርም" እንል ነበር። እምዬ የሚላት ቤተሰቡ ብቻ አልነበረም። ሰፈሩም፣ ዕድሩም፣ ሐሙስ ገበያ ያሉት ነጋዴዎችም እምዬ ነበር የሚሏት። በ1987 ቆጠራ የጅማ ከተማ ሕዝብ 88,867 ነበር። በ1999 ደግሞ 120,960 ሆነ። ከእነዚህ አንዷ እናቴ ናት። በ1999ኙ ቆጣሪው ልጅ ቤታችን ሲመጣ እኔ ሌላ ዞን ነበርኩ። የመለሰለት ታናሽ ወንድሜ ነው። 85 ብሎ አስመዘገባት። እውነተኛ ዕድሜዋ ያኔ 79 ነበር። ያቺ 85 በ5 ከሚያልቁት አንዷ ሆና ገብታለች። ቁጥሩን በየወረቀቱ ሳይ ይህ ነገር ልቤን ይነካኛል።

ጡረታ በወጣሁ ጊዜ ልጆቼ አዲስ አበባ እንድቀር ፈለጉ። እኔ ግን ወደ ጅማ ተመለስኩ። እናቴ አሁንም ጠንካራ ነበረች። ጧት ትነሳለች፣ ጓሮ ትወጣለች፣ ቡናዋን ታያለች። ከሰዓት ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ቡና ትለቅማለች። እኔ በርጩማ ስቤ አጠገቧ እቀመጣለሁ። የጅማ በርጩማ ታውቁታላችሁ፤ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል፣ ባለ ሦስት እግር። ይሄኛው አባቴ ያመጣው ነው። መቀመጫው በዘመን ብዛት እንደ መስተዋት ያበራል።

2007 ዓ.ም. ክረምት ላይ አንድ ቀን እንዲሁ ተቀምጠን፣ የልጅ ልጇ ካላንደር እያየች "ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ናት" አለች። እናቴ ከሰፌዱ ቀና አለች።

"እኔም በስድስቷ ጳጉሜ ነው የተወለድኩት" አለች።

"ማን ነገረሽ?" አልኳት።

"እናቴ ናታ። 'ጳጉሜ ስድስት በሆነች ዓመት፣ በሩፋኤል ዝናብ ተገላገልኩሽ' ትለኝ ነበር።"

ልቤ ዘለለ። ጳጉሜ በየአራት ዓመቱ አንዴ ስድስት ትሆናለች። ያም በዘመነ ሉቃስ ነው። ስሌቱን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ትደምራላችሁ። ለአራት ታካፍላላችሁ። አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ ነው። ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ እናቴ የተወለደችው ወይ በ1915፣ ወይ በ1919፣ ወይ በ1923 ነው። የትኛው እንደሆነ ብቻ ነበር የቀረው። እዚያው በርጩማው ላይ የድሮ ሥራዬን ጀመርኩ።

"አባ ጅፋር የሞቱ ጊዜ የት ነበርሽ?"

"አባቴ ትከሻ ላይ።" ሳትቆይ ነው የመለሰችው። "ሰዉ ወደ ጅሬን ሲጎርፍ ትከሻው ላይ አድርጎ አሳየኝ። ባርኔጣው አገጬን ይወጋኝ ነበር።"

አባ ጅፋር ከሃምሳ ዓመት በላይ በጅማ ነግሠው፣ በ1920ዎቹ አጋማሽ ነው ያረፉት። በ1915 የተወለደች ልጅ ያኔ ዘጠኝ ዓመት ግድም ይሆናታል። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ ትከሻ ላይ አትወጣም። በ1923 የተወለደች ደግሞ ገና ጨቅላ ናት፤ አገጯን የወጋትን ባርኔጣ አታስታውስም። ይህ ብቻ ይበቃ ነበር። እኔ ግን በሙያዬ ሁለተኛ ምስክር ሳላገኝ አልዘጋም።

"ጥልያን ጅማ ሲገባስ?"

"ጋሜ ነበርኩ። እናቴ ፊቴን ጥላሸት ቀብታ ጓሮ እንሰት ውስጥ ደበቀችኝ። እንሰቱ ላይ ውኃ ተጠራቅሞ ነበር፤ ጀርባዬ ላይ ፈሰሰ። መጮህ ፈርቼ እጄን ነከስኩት።"

ጋሜ ማለት መሐል አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው የቀረ፣ ገና ያላገባች ልጅ ናት። ጥልያን ጅማ የደረሰው በ1929 ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ማለት ነው። ልክ ገጠመ። እናቴ የተወለደችው ጳጉሜ 3 ቀን 1919 ዓ.ም. ነው።

ስነግራት ሳቀች። "እንግዲያስ ገና ልጅ ነኝ" አለች። በዚያ ዓመት ሩፋኤል ዕለት ድፎ ዳቦ ተደፋ። ጎረቤት ተጠራ። ከሰዓት ዝናቡ መጣ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው ብለው ሕፃናት ሲወጡበት ታውቃላችሁ። እሷም "አውጡኝ" አለች። ብርድ ይመታሻል ብንላት እምቢ አለች። ሁለት የልጅ ልጆቿ በግራና በቀኝ ይዘዋት፣ ነጠላዋን ገልጣ፣ ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ ቆመች። ሰማንያ ስምንት ዓመቷ።

አያችሁ፣ እናታችሁን በዓመተ ምሕረት አትጠይቋት። "በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለድሽ?" ስትሏት ሐፍረት ነው የምትሰጧት። "እኔ ምን አውቃለሁ፣ ያልተማርኩ" ትላችኋለች። ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። ሰውነቷ የሚያውቀውን ጠይቋት። ማን አዝሏት ነበር? ፀጉሯ እንዴት ነበር? ጫማ ያደረገችው መቼ ነው? ገበያ ስትሄድ ወንዙን የት ነበር የምትሻገረው? መጀመሪያ በገዛ እጇ በያዘችው ገንዘብ ምን ገዛችበት? እጇ ሥራ ላይ ሲሆን ጠይቋት። ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ምስር ስትለቅም፣ ፈትል ስትፈትል። ሰው ዓይን ለዓይን ተፋጦ የልቡን አያወራም። እናቴ ሰፌዱን ስታስቀምጥ ወሬውም አብሮ ይቆም ነበር።

በስልክ እንቅዳት ትላላችሁ። ቅዱ። ግን አስፈቅዷት። ስልኩን ፊቷ ስትደቅኑባት እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ መናገር ትጀምራለች። "ወጣቱ ትውልድ ሥራ ይውደድ" ትላለች። ያ የእሷ ድምፅ አይደለም። ካስፈቀዳችኋት በኋላ ስልኩን ከዓይኗ አርቁትና ቡናውን አፍሉ።

አንድ የሠራሁትን ጥፋት ልንገራችሁ። አታርሟት። እኔ አርሜያታለሁ። ስለ ቡና በሽታው እያወራችኝ ነበር። እናቴ የጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ነጋዴ ነበረች። ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ወርዳ ከገበሬው በፈረሱላ ትገዛለች፤ ለትልልቆቹ ነጋዴዎች ትሸጣለች። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ሰባት ልጆች ያሳደገችው በዚህ ነው። ታዲያ "በንጉሡ ጊዜ፣ ረሃቡ ከመምጣቱ በፊት፣ ቡናው ዛፉ ላይ እንዳለ እንደ ከሰል ጠቆረ" አለችኝ። "ሁለት ዓመት አልሆነውም፣ ገበሬው ባዶ ጆንያ ይዞ መጣ። ጆንያው አፉ ላይ ፍሬ አለው፣ ስታነሳው ግን እንደ ገለባ ቀለለ።" እኔ መሐል ገብቼ "በሽታው የታየው በ1963 ነው፤ ሁለት ዓመት ሳይሆን ቆይቶ ነው የተስፋፋው" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። "አንተ ካወቅኸው ምን ትጠይቀኛለህ?" አለች። ሁለት ሳምንት ስለ ቡና አንድ ቃል አልነገረችኝም።

እኔ መጽሐፍ ላይ ያለውን ነው የነገርኳት። እሷ ግን ጆንያውን አንስታ ነው። ዓመቱን በኋላ ብቻዬን ማረም እችል ነበር። የጆንያውን ቅለት ግን ከእሷ ሌላ ማን ይነግረኛል?

ይቅርታ ጠይቄያት ከታረቅን በኋላ የቀረውን ነገረችኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ መልኮ የምርምር ጣቢያ አለ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመ። የዚያ ሰዎች በየጫካው፣ በየማሳው እየዞሩ፣ ሌላው ሲሞት ያልሞተውን ዛፍ ፈለጉ። ከእሱ ዘር ወሰዱ። ዛሬ ገበሬው 74110፣ 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራው ቡና ከዚያ የመጣ ነው። 74 ማለት እናት ዛፎቹ የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ነው። እናቴ ቁጥሩን አታውቅም። "የመልኮ ቡና" ነው የምትለው። ጓሯችን ውስጥ ሦስት እግር ተክላለች። ዛሬም ያፈራል። በዚህ ሰሞን ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው፤ ጥቅምት ላይ ይቀላል።

ሌላም ልንገራችሁ። በጀንፈል ትርፍ ከቤቷ ጀርባ ሁለት ክፍል ሠርታ ታከራይ ነበር። ሐምሌ 1967 የትርፍ ቤት አዋጅ ወጣና ተወረሰ። ጭቃውን ራሷ ረግጣ ነው ያሠራችው። ስለዚህ ስጠይቃት ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለቀሰችም። ቀበሌው ያስገባው ተከራይ ገና አራስ ልጅ የያዘ ቤተሰብ ነበር አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ገንፎ ይዛ ሄደች። "ቤቱ ተወሰደ፤ አራሷ ምን አደረገችኝ?" ነው ያለችው። የዚያን ጊዜው አራስ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። ቀብሯ ላይ ሬሳዋን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው።

ማንበብና መጻፍ የተማረችው መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ነው። ዘመቻው በሐምሌ 1971 ተጀመረ። የ51 ዓመት ሴት ነበረች። ከዚያ በፊት የገበሬውን ዱቤ በከሰል ግድግዳ ላይ መስመር እያሰመረች ነበር የምትይዘው። ረዥም መስመር ፈረሱላ፣ አጭር መስመር ግማሽ። አባቴ ቤቱን ኖራ ሊቀባ ሲል "ዱቤዬን ታጠፋብኛለህ" ብላ ስትከለክለው እኔም አስታውሳለሁ። ፊደል ከቆጠረች በኋላ ደብተር ገዛች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሰባታችንን ስም ጽፋለች። ጽሑፉ ትልልቅ ነው፤ አንዱ ስም ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ታች ይወርዳል። ያ ደብተር አሁን እኔ ዘንድ ነው።

ጎረቤቱንም ጠይቁ። የእናታችሁ ታሪክ ግማሹ ያለው ጎረቤት ቤት ነው። ከአጥራችን ማዶ የነበሩት እናት ሙስሊም ነበሩ። እኛ ልጆች አዮ ነበር የምንላቸው። ከእናቴ ጋር አርባ ምናምን ዓመት አጥር ተጋርተዋል። በአጥሩ መሐል አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበረ፤ ማንም ደፍኖት አያውቅም። አረፋ ሲሆን ከእነሱ ወደ እኛ፣ ገና ሲሆን ከእኛ ወደ እነሱ ዳቦ ይሄዳል። ሥጋው የየብቻ ነው። ቡናው የጋራ ነው። ጧት ጧት "ኮቱ፣ ቡነ ዱጊ" የሚል ድምፅ በዚያ ቀዳዳ ይመጣል። ነይ፣ ቡና ጠጪ ማለት ነው። እናቴ ኦሮምኛ የለመደችው ገበያ ላይ ነው፤ ያጣፈጠችው ግን ከአዮ ጋር ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ አዮ ብዙ ነገር ነገሩኝ። በ1970 በዚያ የአጥር ቀዳዳ ማን እንዳለፈና የት እንዳደረ ነገሩኝ። ያንን እዚህ አልጽፈውም፤ የሌላ ቤተሰብ ነው። አዮም ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ።

ሲነግሯችሁ በተነገረበት ቋንቋ ጻፉት። ተረቱን ኦሮምኛ ከነገረቻችሁ ኦሮምኛውን ጻፉ። ጉራግኛ ከሆነ ጉራግኛውን፣ ዳውሮኛ ከሆነ ዳውሮኛውን። ባታውቁት ድምፁን እንደሰማችሁ ጻፉ፤ የሚያነብላችሁ አይጠፋም። ፎቶ ካለም ከጀርባው የሰዎቹን ስም በእርሳስ ጻፉበት። ዛሬ ማታ የሚያልቅ ሥራ ነው።

እናቴ በጥር 2011 አረፈች። ረዥም ሕመም አልታመመችም። ሦስት ቀን ተኛች፤ በአራተኛው ጧት ቡና ሸቶኛል አለች፤ ተቆልቶ ጭሱ መጣላት፤ በእጇ ወደ ፊቷ ሳበችው። ማታውን ሄደች። 91 ዓመቷ ነበር።

የሕይወት ታሪኳን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀብሩ ላይ ሲነበብ "በተወለዱ በ91 ዓመታቸው" የሚለው ላይ ሲደርስ ዘመድ አጉረመረመ። ድንኳን ውስጥ አንድ አጎቴ ያዙኝ። "መቶ ያለፈችውን ሴት ዘጠኝ ዓመት ቆረጥክባት" አሉኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ አልተከራከርኳቸውም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። መቶ ብንላት ኖሮ ማንም ሌላ አሮጊት ትሆን ነበር። ዘጠና አንድ ስላልናት፣ ባርኔጣ አገጯን የወጋትም፣ እንሰት ውስጥ እጇን የነከሰችውም፣ በ51 ዓመቷ እርሳስ የጨበጠችውም እሷ ናት። በእውነተኛ ዓመቷ ስትቆሙ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል።

አራት ዓመት አካባቢ አብሬያት ተቀምጫለሁ። ሦስት ደብተር ሞልቷል። ብዙ ነው። ግን ያልጠየቅሁት አለ። ከሁሉም አንዱን ልንገራችሁ።

በቆጠራውም፣ በየናሙና ጥናቱም፣ እናቶችን የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። "በሕይወት ተወልዶ በኋላ የሞተብሽ ልጅ አለ?" የሚል ነው። ቆጣሪዎቹን ሳሠለጥን በዚህ ጥያቄ ላይ አጥብቄ ነበር የምናገረው። አትቸኩሉ እላቸዋለሁ። እናት መጀመሪያ የለም ትላለች። ብዕራችሁን አስቀምጡ። ጠብቁ። ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ይመጣል እላቸው ነበር። እኔም በብዙ ሺህ ቅጽ ላይ መልሱን አይቻለሁ። ወንድ፣ 1። ሴት፣ 2።

እናቴን አልጠየቅኋትም። ሰባት መሆናችንን አውቃለሁ፤ ምን እጠይቃታለሁ? በ2009 አንድ ከሰዓት፣ ቡና እየለቀመች፣ ራሷ አነሳችው። ስለ ጠገራ ብር እያወራን ነበር። አዲሱ ብር ሲወጣ ሰው ጠገራውን እንዴት እንደደበቀ ስትነግረኝ ቆየችና "የመጀመሪያዋን ልጄን የቀበርኩት ያኔ ነው" አለች። "ለክርስትናዋ ሃያ ቀን ቀርቷት ነበር።"

ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው። ስለዚህ ልጅቷ ስልሳ ቀን ኖራለች። ስልሳ ቀን ሙሉ እናቴ አጥብታታለች፣ አቅፋታለች፣ እሹሩሩ ብላታለች። የክርስትና ስም የላትም። እናቴ ግን በሆነ ስም ጠርታታለች። ስልሳ ቀን ልጁን ሳይጠራ የሚኖር እናት የለም።

እኔ ያን ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። ዝም አልኩ። ማሠልጠኛ ላይ እንደማስተምረው ጠበቅሁ። እሷም ቡናውን መልቀሟን ቀጠለች። ከዚያ ዝናብ መጣ፣ የተሰጣ ልብስ ልናነሳ ተነሳን። ሌላ ቀን እጠይቃታለሁ ብዬ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ሌላ ቀን ነበረኝ።

ባለፈው ሳምንት ደብተሯን አውጥቼ የሰባታችን ስም ያለበትን ገጽ አየሁት። ከእኛ ስም በላይ ባዶ መስመር አለ። እስከ ዛሬ ከራስጌ የተተወ ቦታ ይመስለኝ ነበር። ታላቅ እህቴን ጠራኋት። እሷ ከእኛ ሁሉ በፊት የተወለደች፣ ከእናቴ ጋር ገበያ የወረደች፣ ከእኔ ይልቅ ለእናቴ ቅርብ የነበረች ናት። "የልጅቷን ስም ነግራሻለች?" አልኳት።

እህቴ መነጽሯን አድርጋ ባዶውን መስመር ረዥም ጊዜ አየችው።

"እኔም አልጠየቅኋትም" አለች።